የቀረውን ዱቄት አትድፉት

(ዓርብ ዕለት ዐዚዚያ በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዕረፍት አግኝታችሁም ሆነ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለምናችሁ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው «ስለ ባህል መድኃኒት ተናገሪ» ሲለኝ «እኔ እኮ ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፣ ሐኪም ጋብዙ» ብዬ ነበር። «ሐኪም ሲናገር እናፍራለን፣ አንጠይቅም፤ አንቺን ግን እናፋጥጥሻለን» አሉኝ። እንግዲህ አፋጥጡኝ። የምናገረው ያነበብኩትንና አገር ቤት ፋርማሲስት የሆነች የአክስቴን ልጅ በስልክ እየጠየቅኩ ያረጋገጥኩትን ነው። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ላስቀምጥ። ዳማ ከሴያችሁን ጣሉ ልል አልመጣሁም። ከእኛ መሃል ሻንጣዋ ውስጥ ፌስታል ያልቋጠረች ማን ናት? ጥቁር አዝሙዱም፣ ፌጦውም፣ ጤና አዳሙም የእናቶቻችን ነው። ጉንፋን ሲይዘን ነጭ ሽንኩርትና ማር የሚከለክለን የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ስም የሌለው ዱቄት ነው። «አንድ አዋቂ ናቸው የሰጡኝ፣ በባዶ ሆድ ሦስት ቀን ጠጪው» ተብሎ በሰው በሰው የሚመጣው። እዚህ ከዐጣር ሱቅ ደግሞ «ኸልጣ» ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው፤ ለመክሳት፣ ለመወፈር፣ ለጉልበት፣ ወር አበባ ለማምጣት።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ስሟን አልጠራም። ከአገር ቤት የመጣ ዱቄት ለሳምንታት ስትጠጣ ነበር። ሙስተሽፋ ሊወስዷት ሲሉ መጀመሪያ ያደረገችው የቀረውን ሽንት ቤት ደፍታ ውሃ መልቀቅ ነው። ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማዳም ዱቄቱን ብታገኘው «ሲህር ነው፣ ልታስደግምብን ነው» ብትልስ ብላ ነው። አልፈርድባትም። በዚህ አገር ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ከሠራተኛ ዕቃ ውስጥ መገኘቱ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም ሰምተናል። ሐኪሙ ግን «ምን ጠጣሽ? ስሙ ማነው? አለሽ ወይ?» ብሎ ጠየቃት፤ መልስ አልነበራትም። እሷ ዛሬ ተሽሏታል፣ ተመስገን። ጉበቷን የነካው ያ ዱቄት ይሁን ሌላ ነገር ግን እስካሁን አልታወቀም። አሁንም አይታወቅም፤ የሚመረመር ነገር የለማ።

ላብራቶሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ለኢቃማ ደም የሰጠንበትን ነው። እኔ የማወራው ዱቄቱን ራሱን ስለሚመረምረው ላብራቶሪ ነው። እንዴት ነው የሚያውቁት? ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በውሃ በሚለቅ ጥቁር ማርከር ሶፍት ላይ ነጥብ አድርጉ፤ ከዚያ የሶፍቱን ጫፍ ብቻ ውሃ አስነኩት። ውሃው ወደ ላይ ሲሳብ ጥቁር የመሰለው ቀለም ይለያያል፤ ሰማያዊው አንድ ቦታ፣ ቀዩ ሌላ ቦታ ይቆማል። አንድ የመሰለው ነገር ድብልቅ ነበረ ማለት ነው። ይህ ክሮማቶግራፊ ይባላል። ላብራቶሪ ውስጥም የሚሠሩት በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ዱቄቱን በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ ያሟሙትና በውስጡ ያለውን ሁሉ ያስሮጡታል። እያንዳንዱ ቅመም የራሱ አረማመድ አለው። ከዚያ ሌላ ማሽን ቅንጣቱን ሰባብሮ ስብርባሪውን ይመዝናል፤ በክብደቱ ማን እንደሆነ ይለያል።

ለብረታ ብረት ደግሞ ሌላ ነው። ምድጃ ላይ ሾርባ ገንፍሎባችሁ ሰማያዊው የጋዝ እሳት ድንገት ቢጫ ሲሆን አይታችኋል? ጨው ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም እሳት ሲነካው የራሱን ብርሃን ያወጣል። እያንዳንዱ ብረት እንደዚህ የራሱ የብርሃን ዓይነት አለው። ማሽኑ በዚያ ነው እርሳስን፣ ሜርኩሪን፣ አርሴኒክን ለይቶ ምን ያህል እንደሆነ ጭምር የሚናገረው። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ የዚያ ውስጡ የከሰል ዘር ነው። የማወራው ስለ ብረቱ እርሳስ ነው፣ ባትሪ ውስጥ ስላለው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ማሽኑ ዱቄት ሲሰጡት ብቻውን «ይህ መርዝ ነው» አይልም። ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ ማወዳደሪያ ያስፈልገዋል፤ የታወቀውን ንጹሕ ቅመም ጎን ለጎን አሂደው ነው «አዎ፣ እሱ ነው» የሚሉት። እርሳስ የሚፈልገው ማሽን የዕፅ መርዝ አያይም። የዕፅ መርዝ የሚፈልገው እርሳሱን ያልፈዋል። ስለዚህ ላብራቶሪ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ጥያቄውን የምታቀብሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ ዱቄቱን ይዛችሁ፣ ከየት እንደመጣ ተናግራችሁ።

ይህን በደንብ የሚያሳየው የብራስልስ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት ብለው አንድ ክሊኒክ የሚሄዱ ሴቶች የቻይና ዕፅ ያለበት መድኃኒት ተሰጣቸው። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኩላሊታቸው አንድ በአንድ ይደክም ጀመር። ሐኪሞቹ በ1993 ነገሩን በሕክምና መጽሔት አወጡት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዕፅ ስቴፋኒያ የሚባል ነው፤ ስቴፋኒያ ደግሞ እንዲህ አያደርግም። ታዲያ ዱቄቱን ሲመረምሩ በስቴፋኒያ ውስጥ መኖር የነበረበት ቅመም ከአብዛኛው ዱቄት ውስጥ ጠፋ! በቦታው የተገኘው አሪስቶሎኪክ አሲድ ነበር፤ ይህ የሚገኘው አሪስቶሎኪያ ከሚባል ሌላ ተክል ነው። ሁለቱ ተክሎች በቻይንኛ «ፋንግ ጂ» የሚል ስም ይጋራሉ። በስም መመሳሰል ብቻ ወደ መቶ የሚጠጉ ሴቶች ኩላሊት ተጎዳ። ብዙዎቹ እጥበት ላይ ወደቁ ወይም የሰው ኩላሊት ተተከለላቸው፤ አንዳንዶቹን ከዓመታት በኋላ በሽንት ቧንቧ ካንሰር መጣባቸው። ዛሬ አሪስቶሎኪክ አሲድ ሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ተብሎ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ተመዝግቧል።

ሴቶቹ ያልተማሩ አልነበሩም። የጠጡትም ከሐኪም እጅ ነው። ዱቄት ግን ዱቄት ነው፤ ቅጠል ሲሆን ቅርጹ ይናገራል፣ ከተወቀጠ በኋላ ሁሉም አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው። እኛስ አገር አንዱ ስም ጎጃም ላይ አንድ ተክል፣ ወሎ ላይ ሌላ ተክል ሲሆን የሰማችሁ የላችሁም? ከዚያ ላይ የእኛ አዋቂዎች ስሙን አይናገሩም። ስሙ ከተነገረ ኃይሉ ይሄዳል ይባላል። ለልጃቸው እንኳ የሚያወርሱት መሞቻቸው ሲደርስ ነው። እኔ ይህን ወግ አልሳደብም፤ እንጀራቸውም ነው። ግን ምስጢሩ ሪያድ ድረስ መጥቶ እናንተ ሆድ ውስጥ ሲገባ፣ ሐኪሙ የሚይዘው አንድም ጫፍ አይኖረውም።

አገር ቤት የሆነውንም ልንገራችሁ፤ እሱ መድኃኒት ሳይሆን እህል ነበር፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። በ2001 ትግራይ ውስጥ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ፀዓዳ እምባ በምትባል መንደር፣ ሰዎች ሆዳቸውን ከላይ ያማቸው ጀመር። ከዚያ ሆዳቸው ውሃ ይቋጥራል፣ ሰውነታቸው ይከሳል፣ ይሞታሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ይታመማል። ተላላፊ የጉበት በሽታ ነው ብለው መረመሩ፤ እሱ አይደለም። ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ ጥያቄው ወደ እህሉ ዞረ። ማሳው ውስጥ አጌራተም የሚባል አረም በቅሎ ኖሮ ዘሩ ከእህሉ ጋር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይፈጫል። ላብራቶሪው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባለውን መርዝ አገኘ። ይህን መርዝ ብዙ ዓይነት ተክሎች ለራሳቸው መከላከያ ይሠሩታል፤ ሰው ሲበላው ጉበት «ላጥፋው» ብሎ ሲነካው ይብስበታል፣ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደፍናል። እህል ውስጥ ያስቀመጡት ዲዲቲም ጉዳቱን ሳያብሰው አልቀረም ብለዋል ተመራማሪዎቹ። መቀቀልና መጋገር ይህን መርዝ አያጠፋልንም። መራራነቱ ወይም ሽታውም አይነግራችሁም።

«አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጥታው ምንም አልሆነችም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ይሆናል። ግን በታሕታይ ቆራሮ የበሉት ሁሉ በአንድ ቀን አልታመሙም። እነዚህ ነገሮች ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፤ ዛሬ የጠጣሽው የሚያምሽ ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ዱቄቱን ረስተሽዋል።

ኮሶስ? ኮሶን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስሙ ሲጠራ ምላሳችን ይመርረዋል። ስሙም ተክሉም የታወቀ ነው፤ ችግሩ መጠኑ ነው። በእፍኝ ነው የሚለካው፤ የማን እፍኝ? ትኩሱ አበባና የከረመው አንድ አይደለም። በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ኮሶ ከመጠን በላይ የጠጡ ሰዎች ዓይናቸው እንደተጎዳ ተጽፏል። ለኮሶ ትል ኪኒን አለ፤ እዚህም ሰይደሊያ ውስጥ አለ። ይህን ያህል ይበቃል።

ስለ እንዶድ ግን ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም የልብስ አጣቢዎች ታሪክ ነው፤ የእኛ ማለት ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣው ነው። ያንን ፍሬ ላብራቶሪ ወስደው ገዳዩን ነገር ነጥለው አወጡ፤ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። እሳቸውና አቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 በዚህ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልመዋል። ይህን የምነግራችሁ ላብራቶሪ የእናቶቻችን ጠላት እንዳልሆነ እንድታዩ ነው። ከእነሱ ተምሮ፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆንና እንደማይሆን ለየ። ያው እንዶድ ነው ልብስ የሚያነጣው፤ ያው እንዶድ ነው ፅንስ ለማስወረድ ጠጥተውት ሴቶች የሞቱበት። ለዚህ ብላችሁ ማንም የሚሰጣችሁን አትጠጡ። ስለሱ የጨነቃት እህት ብቻዋን ኮሚቴውን ታናግር፤ እዚህ ሰው ፊት አንጠይቃትም።

አሁን ወደ ዐጣሩ ኸልጣ። እዚያ ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የዕፅ መርዝ ሳይሆን የተደበቀ ኪኒን ነው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ዕፅ ብቻ ነው» ተብሎ በየአገሩ ከሚሸጠው የመክሳት ዱቄትና ቡና ውስጥ ላብራቶሪዎች ሲቡትራሚን እያገኙ ነው፤ ልብ ስለሚጎዳ በ2010 ከገበያ የወጣ ኪኒን ነው። ለማወፈር ከሚሸጡት ውስጥ ዴክሳሜታዞን ያለባቸው ተገኝተዋል። ፊት ክብ ብሎ ሲሞላ «ሠራልኝ!» ይባላል፤ እብጠት ነው። ይህንን ለወራት የወሰደች ካለች በአንድ ቀን አታቋርጠው፤ ሰውነቷ የራሱን መሥራት ትቶ ስለሚቆይ ድንገት ሲቀር ሊጥላት ይችላል። ሐኪም ቀስ አድርጎ ነው የሚያስቆማት።

ወንድሞቼ፣ እናንተ አትሳቁ። በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ በጥቂት ወራት ወደ 150 የሚሆኑ ስኳር የሌለባቸው ሰዎች የደማቸው ስኳር ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። ሁሉም ማለት ይቻላል ወንዶች ነበሩ። አንዳንዶቹ የወሰዱት ለወንድነት ጉልበት ይሆናል ተብሎ የተሸጠ ነበር። የወሰዱት ሲመረመር ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር በሽተኛ ኪኒን በብዛት ተገኘበት። ዕፅ የሚል ጽሑፍ ያየ ሐኪም ይህን በምን ይገምታል?

ሕፃን የምታሳድጉ ደግሞ ይህን ስሙ። የማሳድገው ልጅ ጥርስ ሲያበቅል የማዳም እናት ብርቱካን የመሰለ ዱቄት ድዱን ትቀባው ነበር፤ ከእናቷ የወረሰችው ነው፣ በፍቅር ነው። ልጁ ነጣ፣ ሆዱ ደረቀ፣ ያስመልሰው ጀመር። የሕፃናት ሐኪሟ ደሙን አይታ «ዱቄት ትሰጡታላችሁ?» አለች። ሾፌሩ ተመልሶ ብልቃጡን አመጣው። እርሳስ ነበር። ልጁ ዛሬ ይሮጣል። በኋላ ሳነብ እንዲህ ዓይነቱ በሕክምና ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው፤ እዚሁ ሳውዲ ለድድና ለጥርስ ከሚቀባው ውስጥ ሰንትሪንጅ የሚባለው ከመቶ 98 እጁ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው፣ ዋና ሥራውም ብረት ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚቀባ ነው። ጥንታዊው የዓይን ኩልም ብዙ ጊዜ የእርሳስ ድንጋይ ነው። እርሳስ ለልጅ አእምሮ ትንሹም ደህና አይደለም። ማማ ስታዝዛችሁ እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለማዳም ብቻዋን ስትሆን ንገሯት፣ «ሐኪም ትጠየቅ» በሏት። የልጁ እናት ስለልጇ ትሰማለች።

አንድ ሌላ ነገር። ዓይን ቢጫ ሲሆን እኛ «የወፍ በሽታ ነው፣ ሆስፒታል አይሆንም» ብለን ቅጠል ፍለጋ እንሄዳለን። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ልማዳችን ይህ ነው። የታመመ ጉበት ላይ የማናውቀውን ዕፅ መጨመር፣ ወገቧ የተቀጨች ሴት ላይ እንስራ እንደመጫን ነው።

እንግዲህ የሚደረገው። አገር ቤት ስትደውሉ ዱቄት አትላኩልን በሉ። የግድ ከሆነ ቅጠሉ ከነአበባው፣ ከነፍሬው ሳይወቀጥ ይቀመጥ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ተክሉን በቅርጹ ይለየዋል። እዚህ ያላችሁ ነገር ካለ ስሙን፣ የላከውን ሰውና ቀኑን በአማርኛም በዐረብኛም ጽፋችሁ ለጥፉበት። ማድ ቤት የቤቱ ሰዎች ምግብ አጠገብ ፈጽሞ አታስቀምጡት። ጠጥታችሁ ካመማችሁ የቀረውን አትድፉት፣ ብርጭቆውንም አትጠቡት፤ ደረቁን በንጹሕ ፌስታል ቋጥሩት፣ ቆርቆሮውን ከነጽሑፉ ያዙ፣ ስንት ማንኪያ ለስንት ቀን እንደጠጣችሁ ጻፉ። ፎቶም አንሱት፤ ዱቄቱ ቢጠፋ እንኳ ፎቶው ስልክ ላይ ይኖራል። ማዳም አብራችሁ ከገባች ሐኪሟን ወይም ነርሷን ብቻችሁን ማናገር እንደምትፈልጉ ንገሯት።

ስልኮቹን ጻፉ። የጤና ሚኒስቴር ምክር 937። አምቡላንስ 997። ከሱቅ የተገዛ አጠራጣሪ ነገር ካለ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ 19999።

ዐረብኛው የሚያስቸግራችሁ ደግሞ ሦስት ቃል ትበቃለች። «አና ሸሪብት አዕሻብ»፤ ዕፅ ጠጥቻለሁ ማለት ነው። ዱቄቱን እያሳያችሁ «ሀዛ ሁወ»፤ ይኸው እሱ ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁ አልሰማችሁም መሰለኝ። አንድ ላይ እንበለው እስቲ፦ አና ሸሪብት አዕሻብ።